ባለ 20 ፊት ኮንቴነር ሱቅ አድርጌ አንድ አመት ሰራሁበት፣ እንደዚህ ነው

ሰላም ነው፣ ኮንቴነር ገዝቼ ሱቅ ልክፈት ወይስ በቆርቆሮ ላሰራ እያለ የሚጠይቅ ሰው በዝቶ ስላየሁ ነው የምጽፈው። እኔ ጎፋ መብራት ኃይል አካባቢ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ፎርም መሙላት ምናምን እሰራለሁ፣ አምና ክረምት ሊገባ ሲል ነው ያገለገለ ባለ 20 ፊት (ጫማ) የእቃ ኮንቴነር ገዝቼ ያስቀመጥኩት። የሻጩን ስም አልጠራም፣ ሰውየው ሲሸጥልኝ ጣራው እንደ አዲስ ነው ብሎ ምሎልኝ ነበር፣ እኔ ግን ዝናብ ሲመጣ ሶስት ቦታ ዝገት በልቶት በቀለም የተሸፈነ ነው ያገኘሁት፣ በቃ አለፈ። ዋጋም አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ሳምንት ሳይሞላው ይቀየራል። ግን ከኮንቴነሩ ዋጋ ሌላ ክሬን አለ፣ ኮንቴነሩን የሚያመጣው ሎቤድ መኪና አለ፣ ብየዳ አለ፣ መብራት መዘርጋት አለ፣ ደላላውን ሳልቆጥር ማለት ነው፣ ይሄን ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም።

ጥሩ ጎኑን ልበል መጀመሪያ። ጠንካራ ነው። ባዶውን ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል፣ ሌባ መዶሻ ይዞ ቢመጣ ሲደበድብ አድሮ ደክሞት ነው የሚሄደው፣ እኔ ሁለት ኮፒ ማሽን ጥዬ እቤቴ ሄጄ በሰላም እተኛለሁ። ስፋቱ በውጭ 6 ሜትር በ2 ሜትር ከ44 ነው፣ ውስጡ ግን 5.9 በ2.35 ነው የሚሆነው፣ ወደ 14 ካሬ በሉት። ከፍታው ውስጡን 2.39 ነው፣ እጄን ስዘረጋ ጣራውን ለመንካት ትንሽ ነው የሚቀረኝ። ሁለት ማሽን፣ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያና ሁለት ወንበር ካስገባሁ በኋላ ሶስት ደንበኛ አብሮ ከገባ መተላለፍ የለም፣ አንዱ ወጥቶ ነው ሌላው የሚገባው።

አሁን ወደ ችግሩ። ቀን ቀን ይጋላል። ላሜራ ነው በቃ፣ ከረፋዱ አምስት ሰአት በኋላ ግድግዳው ላይ እጃችሁን ማሳረፍ አትችሉም፣ ማሽኑም ሲሰራ ይሞቃል፣ እኔ የመጀመሪያውን በጋ ሸሚዜን ሁለቴ እየቀየርኩ ነው የሰራሁት። ማታ ደግሞ የተገላቢጦሽ፣ ብረቱ ሙቀቱን ወዲያው ይጥለውና ውጭ ካለው ብርድ የውስጡ ይብሳል። ህዳርና ታህሳስ ላይ ጠዋት ስከፍት ጣራው አልቦት ነው የማገኘው፣ ዝናብ ሳይኖር ማለቴ ነው፣ የውስጡ እርጥበት ብረቱ ላይ ተለጥፎ ጠብ ጠብ ይላል፣ ጠብታው ደግሞ ቦታ መርጦ የሚያርፍ ይመስል ወረቀቱ ላይ ነው። ሁለት እሽግ ኤ ፎር ወረቀት በዚህ ምክንያት አብጦ ጣልኩ። መፍትሄው ፎም ገብቶበት በላዩ ኮምፔርሳቶ መምታት ነው፣ ግድግዳውንም ጣራውንም፣ ያኔ ሰው የሚቀመጥበት ይሆናል። ሳታስመቱ እንዳትገቡ።

አየር ማስገቢያው ደግሞ ቀልድ ነው። ከላይ ጥግ ጥጉ ላይ መዳፍ የምታክል የፕላስቲክ ክዳን ያላት ነገር አለች፣ እቃው እንዳይሻግት ታስቦ የተሰራች ናት፣ ለሰው አይደለም። መስኮት ማስቆረጥ ግድ ነው።

በሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ይሄን ጽሁፍ የጀመርኩትም በእሱ ምክንያት ነው።

የኮንቴነር በር ሁለት መዝጊያ አለው፣ ከላይ እስከ ታች የሚሄዱ ዘንጎች አሉት፣ እጀታውም መቆለፊያውም ሁሉም በውጭ በኩል ነው። ጠርዙ ላይ ጎማ ስላለ ሲዘጋ ውሃም አያስገባ ብርሃንም አያስገባ። በውስጥ በኩል ምንም የለም። ምንም ስል ምንም ነው፣ ልሙጥ ላሜራ። እቃ በሩን ከውስጥ አይከፍትማ። መስኮቱ ሳይቆረጥ በፊት የበያጁ ረዳት ለቀልድ ከውጭ ዘግቶብኝ ነበር፣ አምስት ደቂቃም አልሞላም፣ እኔ ግን ሳቄ ያለቀው እጄ በጨለማው ውስጥ እጀታ ሲፈልግ ቆይቶ ልሙጥ ብረት ብቻ ሲያገኝ ነው። ስጮህ ድምጼ ተመልሶ እኔው ላይ ይመጣል። ከፈተልኝ፣ ሰደብኩት፣ ተሳሳቅን፣ ረሳሁት።

ከዛ ስራ ጀመርኩ። ሰፈራችን እንደምታውቁት የኤርትራ ሰው ብዙ ነው፣ ግማሹ ደንበኛዬ ከአስመራ የመጣ ነው፣ የስደተኛ ወረቀት ኮፒ፣ የፕሮሰስ ፎርም፣ ፎቶ። አንድ ጋሼ አሉ፣ ስልሳዎቹ ውስጥ የሚሆኑ፣ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ነው፣ ሁሌ የሚመጡት ኮፒ ለማስደረግ ነው፣ ግን አንድም ቀን ገብተው አያውቁም። ወረቀቱን በሩ ላይ ቆመው ይሰጡኛል፣ "እዚሁ ልጠብቅህ የኔ ልጅ"። ዝናብ ቢዘንብም እዛው። እኔ ሞኙ ቤቱን የናቁት መስሎኝ ቅር ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን "ጋሼ ይግቡ እንጂ፣ ወንበር አለ፣ ምን ነካዎት" አልኳቸው፣ እሳቸው መዝጊያውን እያዩ "ይሄ በር ከውስጥ ይከፈታል?" አሉኝ። አይከፈትም አልኳቸው። "አውቃለሁ" አሉና ዝም። ኮፒውን ተቀብለው ሊሄዱ ሲሉ "ማይ ሰርዋ ነበርኩ" አሉኝ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ማታ ስልኬ ላይ ፈለግኩት። ማይ ሰርዋ ከአስመራ ወጣ ብሎ ያለ ወታደራዊ ካምፕ ነው፣ ሰውን በእቃ ኮንቴነር ውስጥ የሚያስሩበት ቦታ ነው። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ አነበብኩት፣ አይ፣ የተባበሩት መንግስታት መርማሪ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ በ2015 ሪፖርቱ ላይ ስለ ኮንቴነር እስሩ ጽፎታል። ሄለን ብርሃነ የምትባለውን ኤርትራዊት ዘማሪ ብዙዎቻችሁ ታውቋት ይሆናል፣ የሬማ ወንጌላዊት ቤተክርስቲያን አባል ነበረች፣ የመዝሙር ካሴት ባወጣች በማግስቱ ማለት ይቻላል እ.ኤ.አ ግንቦት 2004 ያዟትና ማይ ሰርዋ ከተቷት። አንድ ወረቀት ላይ ፈርሚ፣ ከእንግዲህ አልሰብክም አልዘምርም በይና ውጪ ተባለች፣ አልፈረመችም። ከሁለት አመት በላይ ቆይታ እ.ኤ.አ ጥቅምት 2006 ስትወጣ በእግሯ መሄድ አትችልም ነበር፣ በተሽከርካሪ ወንበር ነው፣ ከዛ በሱዳን አድርጋ ዴንማርክ ጥገኝነት አገኘች።

አሁን እኔ ሰው የማላውቀውን ነገር ሲነግረኝ ማመን ያስቸግረኛል፣ ይሄን ግን ማመን አላስቸገረኝም፣ ምክንያቱም አስመራና አዲስ አበባ ከፍታቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ ሁለቱም 2,300 ሜትር አካባቢ ናቸው። የእኔ ሱቅ የሚግለው ያህል ይግላል፣ የሚበርደው ያህል ይበርዳል። ፎም የለውም፣ ኮምፔርሳቶ የለውም፣ መስኮት አልተቆረጠለትም። እኔ ጠዋት ከፍቼ የማገኘው ጠብታ እዛ የሰው ትንፋሽ ነው። በሶስት ደንበኛ መተላለፊያ የሚያጣው 14 ካሬ ደግሞ እዛ ታጭቆ ሰው ይታደርበታል። ቀይ ባህር በኩል ቆላው ላይ ያሉትን እስር ቤቶችማ፣ ዊዓ ምናምን፣ ሙቀቱን ማሰብ አልፈልግም።

ምን አርገው ነው ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ በብዛት ቤት ውስጥ ተሰብስበው ስለጸለዩ ነው። እ.ኤ.አ በ2002 የኤርትራ መንግስት ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክ፣ ከወንጌላዊት ሉተራንና ከሱኒ እስልምና ውጭ ያላችሁ ዝጉና ተመዝገቡ አለ። ፎርም መጣ፣ የአባላት ዝርዝር፣ የገንዘብ ምንጭ፣ ከውጭ የሚመጣ ብር ካለ እሱም። አንዳንዶቹ ሞልተው አስገቡ፣ ፈቃድ የሚባል አልመጣም። እኔ በቀን ስንት ፎርም ነው የምሞላው፣ ሰው ከእኔ ሱቅ ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ መልስ ይመጣልኛል ብሎ ነው፣ ስምህን ከነአባላትህ ጽፈህ አስረክበህ መልሱ ዝምታ ሲሆን ምን እንደሚመስል እንጃ። የሙሉ ወንጌል ቤተክርስቲያን መሪዎቹ ኃይለ ናይዝጊና ዶክተር ክፍሉ ገብረመስቀል እ.ኤ.አ ግንቦት 2004 ተወሰዱ፣ ክስ ሳይመሰረትባቸው፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ሃያ አመት አለፈ።

የይሖዋ ምስክሮች ነገር ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ በ1993ቱ የነጻነት ሪፈረንደም አልመረጣችሁም፣ ውትድርና እምቢ አላችሁ ተብለው እ.ኤ.አ በጥቅምት 1994 በፕሬዝዳንቱ ትእዛዝ ዜግነታቸው ተነጠቀ። መታወቂያ የለም፣ ፓስፖርት የለም፣ ንግድ ፈቃድ የለም። መታወቂያ ላሚኔት የማደርግ ሰው ነኝ፣ ያቺ ካርድ ከሌለች ሰው ስንት በር እንደሚዘጋበት በየቀኑ አያለሁ። ከእነሱ ሶስቱ፣ ጳውሎስ እያሱ፣ ይስሃቅ ሞጎስና ነገደ ተክለማርያም፣ እ.ኤ.አ መስከረም 17 ቀን 1994 ታስረው የተፈቱት ታህሳስ 4 ቀን 2020 ነው። ሃያ ስድስት አመት፣ ያለ ክስ። እኔ ያኔ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነበር፣ እነሱ ሲፈቱ ሚስት አግብቼ ወልጃለሁ።

የተፈቀደላቸውስ ተመቻቸው እንዳትሉ። አቡነ አንጦንዮስ የኤርትራ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ሆነው መንግስት በቤተክርስቲያን ስራ አይግባ፣ የታሰሩትም ይፈቱ ስላሉ ከመንበራቸው ወርደው ከቤት እንዳይወጡ ተደረጉ፣ እዛው እስር ላይ እንዳሉ እ.ኤ.አ የካቲት 2022 አረፉ። ሃጂ ሙሳ መሐመድኑር የሚባሉት ሽማግሌ ደግሞ አስመራ ውስጥ ያለው ዲያእ የእስልምና ትምህርት ቤት በመንግስት እጅ አይገባም ብለው በአደባባይ በመናገራቸው እ.ኤ.አ ጥቅምት 2017 ታሰሩ፣ እድሜያቸው ወደ ዘጠና ነው፣ በአምስት ወር ውስጥ እስር ላይ ሞቱ። እኛም ብንሆን ጎረቤት ላይ ጣት መቀሰር የሚያስችል ታሪክ የለንም፣ የእኛን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ደርግ አውርዶ አስሮ በ1971 ዓ.ም ገድሏቸዋል፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተክርስቲያን መሪ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዛው አመት ነው ከመንገድ ታፍነው የተገደሉት።

ሪቪው ነበር የምጽፈው አይደል፣ እሺ ልመለስ።

በማግስቱ በያጁን ጠርቼ በውስጥ በኩል እጀታ ስራልኝ አልኩት፣ "ምን ያደርግልሃል፣ ቀን ክፍት ነው፣ ማታ ውጭ ነህ" አለኝ፣ ልክ ነው፣ ለእኔ አይጠቅመኝም። ሰራልኝ። አንዱን ዘንግ ቆርጦ በላሜራው ቀዳዳ አሳልፎ ከውስጥም ከውጭም የሚዞር አደረገው፣ ግማሽ ቀን ፈጀ፣ ቀዳዳውን በሲሊኮን ካልደፈናችሁት ውሃ ያስገባል። ለማንኛውም ኮንቴነር ውስጥ ለሚሰራ ሰው ይሄን አድርጉ እላለሁ፣ ንፋስ ዘግቶባችሁ ሰው መጥራት አለና።

ጋሼ ሲመጡ አሳየኋቸው። መዝጊያውን ገፋ አደረጉት፣ እጃቸውን ብቻ አስገብተው እጀታውን ሁለቴ አዞሩት፣ ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ከፈቱት። "ጥሩ ሰርቶታል" አሉ። ይገባሉ ብዬ ወንበሩን ሳብ አደረግኩላቸው፣ አልገቡም። "እዚሁ ልጠብቅህ"። እኔም ከዛ በኋላ ግቡ ማለት ተውኩ።

ባጠቃላይ ከአምስት ሶስት ኮከብ እሰጠዋለሁ፣ ለእቃ ከሆነ አምስት ይገባዋል። ስትገዙ ጣራው ላይ ወጥታችሁ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ እዩ፣ አዲስ ቀለም ካያችሁ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፣ ውስጥ ገብታችሁ ሰው ከውጭ ይዝጋላችሁና ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ካለ ታገኙታላችሁ፣ ብቻ የሚዘጋላችሁ ሰው የምታምኑት ይሁን። በር ላይ የሸራ ጥላም አሰሩ፣ እኔ ባለፈው ወር አሰርቼ ከስሩ ዱካ አስቀምጫለሁ፣ አሁን ዝናብ ሲመጣ ጋሼ እዛ ይቀመጣሉ። ሸራው በሻጩ ዋጋ ውስጥ የለም፣ ለብቻ ነው የምትከፍሉት።