ለአባቴ ሐኪም ምስጋና፤ ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ በጨረር ጉዳይ ለተጨነቃችሁ ጥቆማ

የአባቴ የደም ምርመራ ውጤት ሰሞኑን ደርሶናል፤ ደህና ነው። እፎይ ብያለሁ። ውጤቱን ሳላይ ላመሰግን አልፈለግሁም ነበር፤ ከእንግዲህ ዝም ብል ግን ውለታ ቢስነት ይሆንብኛል። ባሕር ዳር የሚሠራ አንድ የሽንት ቧንቧና የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት አለ። ከደጀን እስከ ዳንግላ የፕሮስቴት ካንሰር የገባበት ቤት ሁሉ እሱ ዘንድ ቢደርስ ምኞቴ ነው።

አባቴ የቢቸና አካባቢ ገበሬ ነው፤ ሰባዎቹን ከተሻገረ ቆይቷል። ፕሮስቴቱ አዲስ አበባ ላይ በቀዶ ሕክምና በሙሉ ወጥቶለታል። ቀዶውን የሠሩት ሐኪሞች እጃቸው ይባረክ፤ በእነሱ ቅሬታ የለኝም። መከራችን የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የወጣው ሥጋ ተመርምሮ ወረቀቱ ሲመጣ፣ በተቆረጠው ጠርዝ ላይ የካንሰር ሕዋስ ታይቷል ይላል። እንግዲህ የቀረ ነገር ቢኖር ብለን አሁኑኑ ጨረር እናስጀምር ወይስ እንጠብቅ? በዚህ ጥያቄ ቤተሰባችን ለሁለት ተከፈለ።

ምክር ፍለጋ የረገጥናቸውን ደጆች ስም አልጠራም። የሆነብንን ግን እናገራለሁ፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ብዙ ቆይቻለሁና። አንዱ ቦታ ሐኪሙ አንገቱን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «ጨረር ይጀምር፣ አለዚያ እኔ የለሁበትም» አለን። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «አንቺ ሐኪም ነሽ?» ብሎ ቀጣዩን ታካሚ አስጠራ። ሌላው ቦታ ደግሞ ወረቀቱን ሳይገልጠው «ወጥቶ የለም እንዴ? አልቋል፤ ወደ አገራችሁ ግቡ» ተባልን። አንዱ የሞት ፍርድ እንደሚያነብ፣ ሌላው ዝንብ እንደሚያባርር። ሁለቱም የተናገሩት ለእኔ ነው። አባቴ ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን በጉልበቱ መካከል አቁሞ እዚያው ተቀምጧል፤ በሽታው የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። የሰው ፊት እንዴት እንደሚያቃጥል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ለእኛ ጨረር ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ሕክምናው ከሳምንቱ አምስት ቀን፣ ለብዙ ሳምንታት ይሰጣል። በአገራችን ለረጅም ዓመታት ይህን ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ለቢቸና ሰው ዓባይን ተሻግሮ፣ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ መክረም ማለት ነበር። ታላቅ ወንድሜ በሬዎቹ ይሸጡ አለ፤ እህቴ አባታችን ይህን አይችልም ብላ አለቀሰች።

ባሕር ዳር ያለውን ሐኪም የጠቆመችን ደብረ ማርቆስ አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ናት። እሷንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ገብተን እንደተቀመጥን ወንበሩን ጎትቶ አባቴ ፊት ለፊት ሆነ። ወረቀቱን ገና አልተቀበለኝም። «አባቴ፣ ሽንትዎ ያመልጥዎታል?» አለው። አባቴ አንገቱን ደፋ። ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቤተ ክርስቲያንስ ይገባሉ?» ሲለው «ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ነው የማስቀድስ፤ ልብሴ አይጠራም» ብሎ መለሰ። በልጅነቱ የቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት የደገመ፣ ሰንበትን አስታጉሎ የማያውቅ ሰው ነው። እኛ ልጆቹ እንኳ በውርደቱ እንዳናሳፍረው ብለን የማናነሳውን ነገር ይህ ሰው በአንድ ጥያቄ ደረሰበት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና «እንግዲያው መጀመሪያ የምንመልሰው ይህንን ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ያስረዳንን ሁሉ ገብቶኛል ብዬ አልዋሽም፤ ዋናውን ግን ይዤዋለሁ። ፕሮስቴቱ ከወጣ፣ ፕሮስቴት የሚያመነጨውን ንጥረ ነገር የሚለካው ፒ ኤስ ኤ የሚባለው የደም ምርመራ ቁጥር ወርዶ መሣሪያ ሊያነበው ከማይችልበት መድረስ አለበት። የአባቴ ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ትልቅ ጥናት እንዳለም ነገረን። ከእንግሊዝ፣ ከዴንማርክ፣ ከካናዳና ከአየርላንድ የተውጣጡ 1,396 ወንዶች ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሁለት ተከፍለዋል፤ ግማሾቹ ወዲያው ጨረር ተሰጣቸው፣ ግማሾቹ ቁጥሩ ቢነሳ ብቻ እንዲሰጣቸው ተጠበቁ። ወዲያው የወሰዱት በሽታውን በመቆጣጠር በኩል ብልጫ አላገኙም፤ የሽንት ችግር ግን በእነሱ ላይ በዝቷል። አባቴን ዓይን ዓይኑን እያየ «መጠበቅ መተው አይደለም፤ በየሦስት ወሩ ደምዎን እናያለን» አለው። በነጭ ወረቀት ላይ በትልቁ 0.1 ብሎ ጻፈ፤ ቁጥሩ እዚያ ከደረሰ ወይም ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከጨመረ ሳንዘገይ ወደ ጨረር እንሄዳለን። ያቺ ወረቀት ዛሬም በአባቴ ዳዊት ውስጥ አለች።

አባቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። «ጠብቀን ቢነሳብኝ፣ ያን ጊዜ ጨረሩ ይይዘዋል?» ሐኪሙ «ቶሎ ከደረስንበት ተስፋው ጥሩ ነው፤ ዋስትና ግን አልሰጥዎትም። ውሳኔው የእርስዎ ነው፤ ከቤተሰብዎ ጋር ይምከሩበት» አለው። ስንወጣ አባቴ «ይህ ልጅ አይዋሽም» አለኝ። የወሰነው እዚያው በሩ ላይ ነው፤ እንጠብቃለን አለ።

የሽንት መቋጠሪያ ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ እንድታለማምደው የተመደበችው ነርስ የአባቴን እፍረት አይታ፣ ማንም ሳይነግራት ወንድ ባልደረባዋን ጠርታ አስተካችው። ይህችን ሥነ ምግባር የት አገኘቻት ይሆን? ወጣት ናት። ለውጡ በአንድ ጊዜ አልመጣም፤ ወራት ወስዷል። አሁን ግን አባቴ እንደ ቀድሞው ከወንዶቹ ጋር ቆሞ ያስቀድሳል።

አንድ ቀጠሮ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ባሕር ዳር መድረስ አልቻልንም። ደሙ ደብረ ማርቆስ ላይ ተወሰደ፤ ውጤቱን ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ነገ ያየው ይሆናል ስል በዚያው ምሽት እሱ ራሱ ደወለ። እኔን ሰላም ብሎ «አባቴን አቅርቢልኝ» አለኝ፤ ውጤቱን ከእሱ አፍ ሰማው። ወገኖቼ፣ ከዚህ በላይ ምን እላለሁ! ዘመኑ ይባረክ፣ ልጆቹ ይባረኩለት።

ይህን የምጽፈው ጨረር አታድርጉ ለማለት እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። እዚያው ወረፋ ስንጠብቅ የተዋወቅናቸው የሞጣ ሰው ነበሩ። የእሳቸው ቁጥር ከቀዶው በኋላም አልወረደም፤ በሽታውም ከፕሮስቴቱ አልፎ ነበር። ለእሳቸው ይኸው ሐኪም «ይህ የሚጠበቅ አይደለም» ብሎ ሪፈር ጻፈላቸው፤ አዲስ አበባ ካለው ሐኪም ጋር በስልክ ተነጋግሮ ቀጠሮ ያዘላቸው። ለሁሉም አንድ መልስ የሚሰጥ ሰው አይደለም፤ እኔንም ያሳመነኝ ይህ ነው።

ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ አድራሻውን እነግራለሁ። ሂዱ፣ አታመንቱ። ስትሄዱ የፓቶሎጂውን ወረቀት፣ ማለትም የወጣው ሥጋ ምርመራ ውጤት የተጻፈበትን፣ ኦርጅናሉን ያዙ፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም የተሠሩትን የፒ ኤስ ኤ ውጤቶች ከነቀናቸው በቅደም ተከተል አድርጓቸው፣ ከወረቀት መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ከገጠር የምትመጡ ከዋዜማው ገብታችሁ እደሩ፤ ካርድ በጠዋት ነው የሚወጣው። በሽተኛውን ደግሞ ይዛችሁ ሂዱ እንጂ ወረቀቱን ብቻ ልካችሁ ውጤት አትጠብቁ፤ እሱ የሚያነጋግረው ታማሚውን ነው።