የጉዳት ካሳ በመጠየቄ ከሥራ ስሰናበት የረዳኝ የጠበቃ ቢሮ

ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ላይ እያለሁ በእግሬ ላይ ለደረሰው ጉዳት ካሳ በመጠየቄ «የሥራ መደቡ ታጥፏል» የሚል ደብዳቤ ተሰጥቶኝ ስሰናበት፣ ጉዳዬን የያዘልኝ አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የጠበቃ ቢሮ ነው። ጠበቃዋ አስቀድመው የጠየቁኝ ስለ ጉዳቱ ሳይሆን የስንብት ደብዳቤው ስለደረሰኝ ቀን ነበር፤ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳልና። የአዋጁ አንቀጽ 26 በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ስለሚደነግግ፣ የካሳ ማመልከቻዬ ገቢ የሆነበትንና የተሰናበትኩበትን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጠው ክሱን በዚያ ላይ መሠረቱት። ለጊዜያዊ የአካል ጉዳት የሚገባኝንም፣ ማለትም ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ክፍያ፣ ለይተው አሰሉልኝ።

ቅር ያሰኘኝ ነገርም አለ። የጥብቅና ክፍያው በጽሑፍ ውል የተቀመጠው እኔ ከወተወትኩ በኋላ ነው፤ ቀጠሮ ሲለወጥም ደውሎ የሚያሳውቅ ሰው የለም። ደንበኞቹ በአብዛኛው የተጎዱ ሠራተኞች ሆነው ሳለ ቢሮው ሊፍት በሌለው ሕንፃ 4ኛ ፎቅ ላይ መሆኑማ የሚገርም ነው (በክራንች የወጣ ያውቀዋል)። ያም ሆኖ የሕክምና ማስረጃውንና የስንብት ደብዳቤውን ይዞ በጊዜ ለሚሄድ ሠራተኛ ቢሮውን ያለ ማመንታት እጠቁማለሁ።