ለላንድማን ፈተና የወሰድኳቸው ሁለት ኮርሶች

ዳላስ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ውልና ማስረጃ ነበር የምሠራው። ውል ማንበብ እንጀራዬ ነበር። ስለዚህ አንድ የሰፈራችን ልጅ ስለ ላንድማን ሥራ ሲያወራኝ ጆሮዬ ቆመ። ላንድማን ለነዳጅ ኩባንያ ሰነድ ያገላብጣል፣ ከመሬቱ ሥር ያለው ዘይት የማን እንደሆነ ያጣራል፣ ከባለቤቱ ጋር ሊዝ፣ ማለትም ዘይቱን የማውጣት ፈቃድ ውል፣ ይዋዋላል።

ለእኛ አገር ሰው መጀመሪያ ግራ ያጋባል። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬቱም የተፈጥሮ ሀብቱም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ግን ላዩ የአንድ ሰው፣ ሥሩ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው በ1955 የተቋቋመው የአሜሪካ ላንድማኖች የሙያ ማኅበር ነው። መቀመጫው ፎርት ወርዝ ነው። አርኤል (የተመዘገበ ላንድማን)፣ አርፒኤል (የተመዘገበ ባለሙያ ላንድማን)፣ ሲፒኤል (የተመሰከረለት ባለሙያ ላንድማን) የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት። እኔ የተዘጋጀሁት ለአርፒኤል ነው። ገና ኮሌጅ ያልገባ ልጅ ያላችሁ ግን የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲን አስቡለት፤ ሙያው እዚያ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል።

የመጀመሪያው ኮርስ በኢንተርኔት ነበር፣ 180 ዶላር። ስሙን አልጠራም። ጥያቄና መልስ መሸምደድ ብቻ ነው። እሱንስ ችዬው ነበር። ያናደደኝ ሌላ ነው። በድሮ ውል ላይ ስለ ማዕድን ድርሻ "የአንድ ስምንተኛ ግማሽ" የሚል ካገኛችሁ አባዙት፣ 1/16 ነው ይላል። በቃ። የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2023፣ በ1924 የተጻፈ ውል ላይ ሌላ ነገር ወስኗል። ሁለት ጊዜ ጻፍኩላቸው፤ መልስ የለም።

ሁለተኛው ፎርት ወርዝ በአካል የሚሰጥ የሁለት ቀን ኮርስ ነው። 450 ዶላር ከፈልኩ፣ አልቆጨኝም። አስተማሪው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። በእጅ የተጻፉ የድሮ ውሎችን ኮፒ አድለው "አንብቡ" አሉን። ያንን የ1/8 ነገር ግማሽ ቀን ሙሉ አስረዱን። ያኔ የባለመሬቱ ሮያሊቲ፣ ማለትም ከሚወጣው ዘይት የሚደርሰው ድርሻ፣ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል 1/8 ነበር። ሰዉም ሊዝ ከፈረመ በኋላ የቀረኝ 1/8 ብቻ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ስለዚህ 1/8 ሲጽፍ ሙሉውን ማዕድን ማለቱ ነው። ሌላ ማስረጃ ካላፈረሰው በቀር "የ1/8 ግማሽ" ግማሽ ነው፣ 1/16 አይደለም። ለአንድ ቤተሰብ ይህ የስምንት እጥፍ ልዩነት ነው! ውልና ማስረጃ ሳለሁ የሰው ቃል በጻፈበት ዘመን ትርጉም ይነበብ እያልኩ ስንቴ ተከራክሬያለሁ።

ሒሳቡንም ሰሌዳ ላይ ሠሩልን። አያት 160 ኤከር ሸጡ፣ የማዕድኑን ግማሽ ለራሳቸው አስቀሩ፣ አራት ልጆች በእኩል ወረሱ። ለእያንዳንዱ 20 ኤከር ይደርሰዋል። ጉድጓዱ የሚሸፍነው 640 ኤከር፣ ሮያሊቲው 1/5 ከሆነ የአንዱ ልጅ ድርሻ ከዘይቱ 20/640 ሲባዛ በ1/5፣ ማለትም 0.00625 ነው። ሦስቴ አሠሩን። አሁን ተኝቼም እሠራዋለሁ።

ጉድለት አለው። የፌዴራል መሬት ሊዝን በአንድ ሰዓት ነው የጨረሱት፤ ብዙ የፌዴራል መሬት ያለበት ኒው ሜክሲኮ መሥራት ለሚፈልግ አይበቃም። እሱን እቤት ለብቻዬ አነበብኩ። የምትመዘገቡ ከሆነ የፊተኛውን ረድፍ ያዙ፤ የእጅ ጽሑፉ ከኋላ አይነበብም።