መኪናችንን ሁለት ዓመት በአደራ ለጠበቁልን መካኒክ ምስጋና፣ ከአገር ለምትወጡም ጥቆማ

ባለቤቴና እኔ ለትምህርት ወደ ጀርመን የሄድነው በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር ነበር፤ የተመለስነው ደግሞ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ገርጂ በሚገኘው የወላጆቼ ግቢ ውስጥ የቆመችውን ቶዮታ ቪትዛችንን እንደ ራሳቸው ንብረት ተከታትለው፣ ስንመለስ ለመንዳት ዝግጁ አድርገው ያስረከቡን በዚያው ሰፈር አነስተኛ ጋራዥ ያላቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ ናቸው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እሳቸውን በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲሁም ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለሕክምና ረዘም ላለ ጊዜ ከአገር ለምትወጡ ወገኖች ለመጠቆም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህ አልጠቅሰውም፤ ፈቃዳቸውን ስለጠየቅሁ ግን በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ሰው ስልካቸውን እሰጣለሁ።

ከመሄዳችን በፊት መኪናዋን እንድንሸጥ የመከሩን ብዙዎች ነበሩ። እኛ ግን ተመልሰን ሌላ መግዛት እንደማንችል ስለገመትን አልሸጥንም፤ በዚያው በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ስንሰማ ደግሞ መኪናዋን በደህና ማቆየት ከበፊቱ የበለጠ አሳሳቢ ሆነብን። የሥጋታችን ምንጭ ስርቆት ብቻ አልነበረም። አንድ ዘመዳችን መኪናውን በአደራ ሰጥቶ ቆይቶ ሲመለስ ኪሎ ሜትሩ በብዙ ጨምሮ፣ አዳዲስ ጎማዎቹም በአሮጌ ተለውጠው ስላገኘ፣ ቁልፍ ለማን እንደሚሰጥ ስናስብ እንቅልፍ የነሳን ይህ ነበር።

መካኒኩ መጀመሪያ ወደ ቤት ሲመጡ የመኪናዋን ኮፈን ከመክፈታቸው በፊት የጠየቁን ስለ ወረቀት ነው። ሊብሬው ማን እጅ እንደሚቀመጥ፣ ቦሎ የሚያሳድሰው ማን እንደሆነ፣ ኢንሹራንሱ መቼ እንደሚያበቃ ጠየቁን፤ ለታናሽ ወንድሜም በሰነዶች ማረጋገጫ ቀርበን ውክልና እንድንሰጠው አጥብቀው አሳሰቡን። ለኢንሹራንስ ድርጅታችንም መኪናዋ በአብዛኛው ቆማ እንደምትቆይና አልፎ አልፎ ማን እንደሚያንቀሳቅሳት በጽሑፍ እንድናሳውቅ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። እውነቱን ለመናገር ከአንድ መካኒክ ይህን አልጠበቅሁም ነበር።

ቀጥሎ የነገሩን ደግሞ ብዙ ቤት ውስጥ የሚደረገውን ነገር የሚከለክል ነው። ባለቤቱ ሲሄድ ዘበኛው ወይም የቤቱ ልጅ በየጠዋቱ ሞተሩን አስነስቶ አምስት ደቂቃ እንዲያቆየው ይታዘዛል። አባቴም ይህንኑ ሐሳብ ሲያቀርቡ መካኒኩ በአክብሮት ሰምተው ከጨረሱ በኋላ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ እንዲያ ከሚደረግስ ጨርሶ ባትነካ ይሻላታል» አሉኝ። ምክንያቱንም አስረዱን። ሞተሪኖው ሞተሩን ለማስነሳት ከባትሪው የሚወስደውን ኃይል ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ በአምስት ደቂቃ መልሶ ስለማይተካው ባትሪው በየቀኑ እየወረደ ይሄዳል። ከዚህም በላይ ቤንዚን ሲቃጠል ከሚወጣው ነገር አንዱ የውሃ እንፋሎት ነው፤ ሞተሩ በሚገባ ከጋለ ይተናል፣ ቶሎ ከጠፋ ግን ውሃ ሆኖ ማርሚታው ውስጥ ይቀራል፣ ወደ ዘይቱም ይገባል፤ ስለዚህ መኪናው የቆመ ቢመስልም ከውስጥ ዝገት እየበላው ነው። የእሳቸው አሠራር በየወሩ አንድ ጊዜ መጥተው፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪግል ግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ላይ መንዳት፣ በመካከሉ ደግሞ ማንም እንዳይነካት ማድረግ ነው።

ልንሄድ ስንል የሠሩትን ሥራ አጠገባቸው ቆሜ ስለተመለከትሁ በዝርዝር ልጻፈው። የተሠራበት ዘይት አሲድነት ስለሚኖረው ሞተር ውስጥ ለወራት መቀመጥ የለበትም ብለው ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀየሩ። ታንከሩን ሞልተን እንድንመጣ አዘዙን፤ ባዶ ቦታ ሲኖር እርጥበት ያለው አየር ገብቶ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናልና። የአራቱንም ጎማዎች ንፋስ ከወትሮው ጥቂት ጨመሩ፤ ጎማ በአንድ ጎኑ ለረጅም ጊዜ ከተኛ ያ ቦታ ጠፍጣፋ እንደሚሆንና በየወሩ ሲመጡ የማቆሚያ ቦታውን በትንሹ እንደሚለዋውጡም ነገሩን። የእጅ ፍሬኑን ፈትተው በጎማዎቹ ፊትና ኋላ የእንጨት ታኮ አደረጉ፤ ምክንያቱም የእጅ ፍሬን ተስቦ በክረምት እርጥበት ከቆመ የፍሬን ሸራው ከጎማው ጋር በሚዞረው ብረት (ታንቡሮ) ላይ ይጣበቃል። ወንበሮቹን እስከ ማውጣት የሚደርስ ጽዳት እንዳደርግም አሳሰቡኝ፤ ከልጄ መቀመጫ ሥር የወደቀ የብስኩት ፍርፋሪ እንኳን አይጥ ይጠራል አሉ። የመኪና ልብስ ስመርጥም የፕላስቲክ ሸራውን አስጥለው አየር የሚያሳልፈውን ጨርቅ አስገዙኝ፤ ፕላስቲክ እርጥበትን አፍኖ ቀለሙን ያበላሻልና።

በመጨረሻ በ10 ቁጥር ቁልፍ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትተው ጫፉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሉት፤ የባትሪውን ራሶች ግራሶ ቀቧቸው፤ የማርሚታውን አፍ በሽቦ ወንፊት ሸፈኑት። ከሞተሩ በታች መሬት ላይ ካርቶን ዘረጉ፤ ዘይት ወይም የራዲያተር ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ካርቶኑ ይናገራል ማለት ነው። ከዚያም በእጅ ጽሑፋቸው፣ «ባትሪ ተፈቷል። የእጅ ፍሬን አልተያዘም፣ ታኮ አለ። ማርሚታው ወንፊት አለበት። ሳታዩ አታስነሱ» ብለው በወረቀት ጽፈው መሪው ላይ አሰሩት። ይህች ወረቀት ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ እየተፈታች መልሳ ትታሰር ነበር።

ጀርመን ሆነን የምናገኘው መረጃ ከምንጠብቀው በላይ ነበር። በመጡ ቁጥር ከመነሳታቸው በፊት የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ፎቶ፣ ሲመለሱም እንዲሁ በቴሌግራም ይልኩልናል፤ ቤንዚን የተቀዳ እንደሆነ የቴሌብር ደረሰኙ አብሮ ይመጣል። የባትሪውን ኃይል በቴስተር ለክተው ቁጥሩን ይጽፉልናል፤ በሚገባ የተሞላ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፣ ከ12.4 ሲወርድ ሳይቆዩ ቻርጅ ያደርጉታል። የወረደ ባትሪ እንደ ወረደ ከተተወ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ጠጣር ነገር ጋግሮ ዳግመኛ እንዳይሞላ ያደርገዋል። በቀለበት መንገድ ሲነዱ ኤሲውንም ጥቂት ያሠሩት ነበር፤ ጎሚኒዎቹ እንዳይደርቁ።

ከሁሉ በላይ ያከበርኋቸው የቦሎው እድሳት በዘገየበት ጊዜ ነው። ወንድሜ ሥራ በዝቶበት ቀኑ አልፎ ነበርና፣ መካኒኩ እንደ ልማዳቸው ሲመጡ አዲሱ ቦሎ እስኪለጠፍ ድረስ መኪናዋን ከግቢ እንደማያስወጡ ተናገሩ። ቅርብ ነው፣ ማንም አይጠይቅም ብሎ የሚወጣ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እሳቸው ግን አንድ አደጋ ቢደርስ ኃላፊነቱ የእኛም የእሳቸውም መሆኑን ለወንድሜ አስረድተው፣ ባትሪውን ብቻ ቻርጅ አድርገው፣ መኪናዋን ግቢ ውስጥ ወደፊትና ወደ ኋላ ጥቂት አንቀሳቅሰው ሄዱ። የዚያን ወር ሂሳብም በግማሽ ቀንሰው ተቀበሉ።

በ2017 ክረምት የገጠመንን ችግርም ልጥቀስ፤ ምክንያቱም አንድ ባለሙያ የሚታወቀው ነገር ሲበላሽ ነው። ኮፈኑን ሲከፍቱ የአይጥ ኩስ፣ በአየር ማጣሪያው ሳጥን አጠገብም የተቦጫጨቀ ጨርቅ አገኙ፤ አንዱ ገመድ ልባሱ ተበልቶ መዳቡ ይታይ ነበር። ሞተሩን ሳያስነሱ ፎቶውን ላኩልንና የሚያምኑትን ኤሌክትሪሺያን አምጥተው አሠሩት፤ እኛም የከፈልነው የገመዱንና የኤሌክትሪሺያኑን ብቻ ነው። በዚያ አላበቁም፤ አይጡ ከየት እንደመጣ ሲፈልጉ አባቴ ለዶሮዎቻቸው የሚያስቀምጡት የበቆሎ ጆንያ ከመኪናዋ ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ መሆኑን አይተው፣ አባቴን አስፈቅደው ጆንያውን ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ አስገልብጠው ወደ ሌላኛው የግቢ ጥግ አዛወሩት። መርዝ ልናስቀምጥ ብንጠይቃቸው ግቢው ውስጥ ሕፃናትና ድመት ስላሉ አይሆንም አሉ። ከዚያ ወዲህ የአይጥ ምልክት አልታየም።

ስንመለስ መኪናዋ ከሁለት ዓመት በፊት የተውናት ናት ማለት ይቻላል። ቢሆንም ወዲያው ቁልፍ አልሰጡንም፤ ባለቤቴን አጠገባቸው አስቀምጠው አብረው ከነዱ፣ ፍሬኑንና መሪውን እሱ ራሱ እንዲፈትሽ ካደረጉ በኋላ ነው ያስረከቡን። የፊት ዲስኮቹ ላይ የነበረውን ስስ ዝገት አይቼ ፓስቲሊያው (ዲስኩን የሚይዘው የፍሬን ሸራ) ይቀየር ይሆን ብዬ ስጠይቃቸው፣ ያ ዝገት በጥቂት ፍሬን ተፍቆ እንደሚጠፋና ፓስቲሊያው ገና ብዙ እንደሚያገለግል ነገሩኝ፤ እንደተባለውም ሆነ። ከኋላ ስላሉት ሁለት ጎማዎች ግን ዝም አላሉም። ጎማው ጎን ላይ የተጻፉትን አራት አሃዞች በጣታቸው እያመለከቱ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን እንደሚናገሩ አሳዩን፤ ጥርሳቸው ቢኖርም ዕድሜያቸው ስለገፋ ከሚቀጥለው ክረምት በፊት እንድንቀይራቸው መከሩን። እሳቸው ጎማ አይሸጡም። ብዙ ሊያስከፍሉን በሚችሉበት ቀን የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን ለይተው የነገሩን በመሆኑ፣ ከዚህ በኋላም መኪናችን ከእሳቸው ሌላ መካኒክ ጋ አትሄድም።

ልታሠሯቸው ለምትፈልጉ ጥቂት ነገሮችን ላስታውስ። መኪናውን የሚጠብቁት በባለቤቱ ግቢ እንጂ በጋራዣቸው አይደለም፤ ከገርጂና ከአካባቢው ርቀው አይሄዱም፤ በአንድ ጊዜ የሚቀበሉትም ጥቂት መኪና ብቻ ነው። ስለዚህ ጉዟችሁ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ብታነጋግሯቸው ይመረጣል፤ ቦታውን አስቀድመው መጥተው ያያሉ፣ ጣራ የሌለው ወይም ውሃ የሚተኛበት ከሆነ እንዲስተካከል ይነግሯችኋል፤ ካልተስተካከለ አይቀበሉም። ወርኃዊ ክፍያውንና የሚሠሩትን ዝርዝር በሁለት ቅጂ ጽፈው ያስፈርማሉ፤ ውክልና የያዘ አንድ የቤተሰብ አባል አዲስ አበባ ውስጥ መኖሩንም ግዴታ ያደርጉታል። ስትጽፉልኝ የመኪናውን ዓይነት፣ ሰፈሩንና ለምን ያህል ጊዜ እንደምትሄዱ ግለጹልኝ፤ ለእሳቸው አስተላልፋለሁ።

ጋሼ፣ ለእኛም ለወላጆቼም ላደረጉልን ሁሉ እግዚአብሔር ያክብርልን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።