«የመምህር ምስጋና ጥቅል» ልታዝዙ ያሰባችሁ ወላጆች፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሊለቅ ከሆነ ሰሞኑን አንድ ማስታወቂያ ስልካችሁ ላይ ደጋግሞ መምጣቱ አይቀርም። «የመምህር ምስጋና ጥቅል» ይላል። ስም የተቀረጸበት «ክሪስታል» ሽልማት፣ የልጁ ፎቶ ያለበት ኩባያ፣ «የወርቅ» እስክሪብቶ፣ ሁሉም ሪባን በታሰረበት ሳጥን ውስጥ። ዛሬ ብቻ በግማሽ ዋጋ! አትግዙት። ቢያንስ ጥቅሉን እንዳለ አትግዙት።

እኔ ያለሁበት የወላጆች ቡድን አዋጥቶ ለመምህራኑና ለረዳቶቹ ይህንኑ አዘዘ። የሻጩን ስም አልጠራም፤ እንዲህ ያሉት ነገ በሌላ ስም ሌላ ገጽ ስለሚከፍቱ ስሙን ማወቁ ብዙም አይጠቅማችሁም። ክሪስታል የተባለው ፕላስቲክ ሆኖ መጣ። የአንዷ መምህርት ስም ተሳስቷል። የኩባያው ፎቶ ደብዝዞ ልጁ የማን እንደሆነ አይለይም። አቤት ስንል የተሰጠን መልስ አጭር ነው፦ «ስም የተጻፈበት ዕቃ አይመለስም።»

ወጥመዱ ያለው እዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ስም ሲቀረጽበት ስጦታው ለእኛ ልዩ ይመስለናል፤ ለሻጩ ደግሞ ከመመለስ መከላከያ ይሆንለታል። ይህ በሕግም መሠረት አለው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች መብት መመሪያ፣ በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃን ያለ ምክንያት በ14 ቀን ውስጥ ለመመለስ ይፈቅዳል፤ በገዢው ትእዛዝ ለአንድ ሰው ተብሎ የተሠራ ዕቃ ግን ከዚህ መብት ውጪ ነው። ብዙ ሻጮች የማይነግሯችሁ ቀሪውን ነው። ያ ክልከላ የሚሠራው ሐሳባችሁን ስትቀይሩ ብቻ ነው። ዕቃው ከተባለው የተለየ ከሆነ፣ ወይም እናንተ በትክክል የላካችሁትን ስም እነሱ አሳስተው ከቀረጹት፣ ጉድለቱ የሻጩ ነው፤ ስም ተጽፎበታል ብሎ ሊያመልጥ አይችልም። በየአገሩ ዝርዝሩ ቢለያይም ክርክራችሁን ከዚህ ጀምሩ።

ወደ ዕቃዎቹ ልምጣ። «ክሪስታል» የሚለው ቃል በማስታወቂያ ላይ ምንም ማለት ሊሆን ይችላል። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣው ደንብ መሠረት አንድ ብርጭቆ «የእርሳስ ክሪስታል» ለመባል ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ሊኖረው ይገባል። ለሽልማት የሚሸጠው አብዛኛው ግን ወይ ጥርት ያለ ተራ ብርጭቆ ነው፣ ወይ አክሪሊክ የሚባለው ፕላስቲክ። ብርጭቆ ከሆነ ነውር የለውም፤ ብርጭቆ ተብሎ በብርጭቆ ዋጋ ይሸጥ። አክሪሊኩን ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ክብደቱ በተመሳሳይ መጠን ካለው ብርጭቆ ግማሽ ያህል ነው፣ ሲነኩት እንደ ብርጭቆ አይቀዘቅዝም፣ በጥፍር ሲመቱት ድምፁ ድፍን ነው። በፎቶ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት «ከምን የተሠራ ነው? ክብደቱስ ስንት ግራም ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱን ካድበሰበሰ በቃችሁ።

«18 ካራት የወርቅ ቅብ እስክሪብቶ» የሚለውም እንዲሁ ነው። 18 ካራት ማለት ከመቶ 75 እጁ ወርቅ ነው ማለት ነው፣ እውነት ነው፤ ግን ቁጥሩ የሚያወራው ስለ ቅቡ እንጂ ስለ እስክሪብቶው አይደለም። የቅብ ውፍረት በማይክሮን ነው የሚለካው፣ አንድ ማይክሮን ደግሞ የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። በየቀኑ በእጅ የሚያዝ ነገር ላይ ስስ ቅብ ብዙ አይቆይም። ካራቱን በትልቁ ጽፎ ውፍረቱን የማይናገር ሻጭ ለምን ዝም እንዳለ ገምቱ።

ኩባያው ላይ ብዙ አልቆይም። በደንብ የታተመ ፎቶ ልዩ ሽፋን ባለው ኩባያ ላይ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ቀለሙ ወደ ሽፋኑ ገብቶ ነው የሚቀረው፤ ጥፍራችሁን ስታሻግሩበት ጠርዝ አይሰማችሁም። ጠርዝ ከተሰማችሁ ተለጣፊ ነው፣ በእጥበት መላጡ አይቀርም። (ለነገሩ አንድ መምህር በሥራ ዘመኑ ስንት ኩባያ እንደሚቀበል አስቡት። እኔ መምህር ብሆን ሌላ ኩባያ ማየት አልፈልግም።)

ፎቶውን በተመለከተ ጥፋቱ ሁልጊዜ የአታሚው አይደለም። የመልእክት መተግበሪያዎች ፎቶን ሲያስተላልፉ ይጨምቁታል። 20 በ30 ሴንቲሜትር የሚሆን ጥርት ያለ ህትመት በተለመደው የ300 ነጥብ በኢንች መለኪያ 2,400 በ3,600 ፒክስል ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ፎቶውን እንደ ፋይል ላኩት። ግን ሐቀኛ አታሚ ፎቶው እንደማይበቃ ገና ሲያየው ይነግራችኋል እንጂ አትሞ ገንዘብ አይቀበልም።

ከሁሉ ያናደደኝ የስሙ ጉዳይ ነው። በአማርኛ የምታስቀርጹ ከሆነ በደንብ ስሙኝ። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት ወደሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ፊደሉን የማያሳዩ የመቅረጫ ፕሮግራሞች አሉ፣ በስሙ ቦታ ባዶ አራት ማዕዘኖች ተደርድረው ይወጣሉ። ሌላው ችግር የቀጫጭን መስመሮቹ ነው። በትንሽ መጠን እንጨት ላይ ሲቀረጽ የ«ሉ» ጭረት ጠፍታ «ለ» ትሆናለች፣ «ቢ»ና «ቤ» ይምታታሉ። የሚቀርጸው ሰው ፊደሉን የማያነብ ከሆነ ስህተቱን የሚያይለት የለም። ደግሞ «ሰ» ይሁን «ሠ»፣ «ጸ» ይሁን «ፀ»፣ ባለስሟ ራሷ እንዴት እንደምትጽፈው ከትምህርት ቤቱ ጠይቁ፤ የወላጆች ቡድን ውስጥ የተጻፈውን አትመኑ። ከዚያ ስሙን በፊደል ብቻ ሳይሆን በምስልም ላኩ፤ ከመቀረጹ በፊትም የመጨረሻውን ናሙና እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። ናሙና የማያሳይ ሻጭ ጋር ስም አታስቀርጹ። ናሙናውን ካጸደቃችሁ በኋላ ግን ስህተቱ የእናንተ እንደሚሆን እወቁ፣ ስለዚህ ሁለት ሰው ያንብበው።

ቀኑም ያታልላል። «በ5 ቀን ይደርሳል» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት ናሙናው ከጸደቀበት ወይም ዕቃው ከተላከበት ቀን ጀምሮ ነው። የትምህርት መዝጊያ ላይ ሁሉም ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ያዝዛል። የመጨረሻው የትምህርት ቀን ካለፈ በኋላ የሚደርስ ስጦታ ለማን ይሰጣል? የመድረሻውን ቀን በቁርጥ አስጽፉ፣ ካለፈ ገንዘቡ እንደሚመለስም ጨምሩበት። ክፍያውን ሙሉ በሙሉ አስቀድማችሁ አትላኩ፤ ቀብድ ይበቃል። በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሂሳብ አስገቡ ከተባላችሁማ ወዲያውኑ ተዉት።

«እንግዲያውስ የስጦታ ካርድ እንስጥ» የሚሉ አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን እሱም የራሱ ማጭበርበሪያ አለው። ሌቦች መደርደሪያ ላይ የተሰቀሉ ካርዶችን ወስደው የሚፋቀውን ክፍል ፍቀው ቁጥሩን ይመዘግባሉ፣ መልሰው ሸፍነው ያስቀምጡታል፤ እናንተ ገንዘብ እንደሞላችሁበት ያወጡታል። ማሸጊያው የተነካካ ካርድ አትውሰዱ፣ ደረሰኙን ከካርዱ ጋር ስጡ፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑንና ሳይሠራበት ሲቆይ የሚቆረጥ ክፍያ እንዳለው አንብቡ።

ስለ መዋጮው አንድ ነገር ልበል። ጥቅሎቹ «ለመምህር» ተብለው ስለተዘጋጁ መዋጮው ሁሉ አንድ ሰው ላይ ያልቃል። በር ላይ ልጁን በስሙ ጠርተው የሚያስገቡት ጥበቃ፣ ሲያስመልሰው ያጠበችው ሞግዚት፣ የጽዳት ሠራተኞቹ፣ የአውቶቡስ ረዳቱ ከዝርዝሩ ይወድቃሉ። የጥቅሉን ዋጋ ብትከፋፍሉት ለሁሉም የሚሆን ደህና ነገር ይገዛል። ስም የሌለበት፣ የሚመለስና የሚለወጥ ነገር ይሁን፤ ስሙን ልጁ ራሱ በሚጽፈው ደብዳቤ ላይ አድርጉት። «ሂሳብ ስላልገባኝ ተመልሰሽ ስላስረዳሽኝ» የሚል አንድ መስመር «ለምርጥ መምህርት» ከሚለው ቅርጽ ይበልጣል፣ ደግሞ ማንም አያሳስተውም። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ለትምህርት ቤቱ ቢሮ ደውሉ፤ ሠራተኞች ከተወሰነ ዋጋ በላይ ስጦታ እንዳይቀበሉ የሚከለክሉ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ስጦታው ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ለሰጪውም ለተቀባዩም ያሳፍራል።

አስቀድማችሁ ያዘዛችሁ ካላችሁ፣ ማስታወቂያውን አሁኑኑ ፎቶ አንሱና አስቀምጡ፤ ቅሬታ ሲበዛ ገጹ ይጠፋል። ሳጥኑ ሲደርስ ሲከፈት ቪዲዮ ቅረጹ። ጉድለት ካለው ለሻጩ በዚያው ቀን በጽሑፍ አሳውቁ፣ በስልክ ብቻ አትነጋገሩ። በባንክ ካርድ ከፍላችሁ ከሆነ ሻጩ እምቢ ካለ ለባንካችሁ የክፍያ ተቃውሞ አቅርቡ፤ ለዚህ የተወሰነ ጊዜ ስለሚሰጥ «ነገ እንተካላችኋለን» እያለ ቀኑን እንዲያሳልፍባችሁ አትፍቀዱለት።