ቢራቢሮና የእሳት እራት
ቢራቢሮና የእሳት እራት ሁለቱም ከአባጨጓሬ የሚወጡ፣ ክንፋቸው ሲነካ ጣት ላይ ዱቄት መሳይ ብናኝ የሚተዉ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ብዙ ሰው በቀለማቸው ሊለያቸው ይሞክራል፤ ይሁን እንጂ ደማቅ የእሳት እራትም ደብዛዛ ቢራቢሮም ስላለ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ከራሳቸው ላይ የሚወጣውን አንቴና ማየት ይሻላል እላለሁ፤ የቢራቢሮው ቀጭን ሆኖ ጫፉ እንደ ክብሪት ራስ ሲያብጥ፣ የእሳት እራቱ ግን እንደ ክር የቀጠነ ወይም እንደ ላባ የተበተነ ነው። ቢራቢሮ ሲያርፍ አብዛኛውን ጊዜ ክንፎቹን ሽቅብ ይገጥማል፤ የእሳት እራት ጎንና ጎን ይዘረጋቸዋል። ቢራቢሮ በቀን ይበራል፤ ሌላው፣ ስሙም እንደሚመሰክረው፣ በአመዛኙ የሌሊት ነው። የብዙ የእሳት እራቶች አባጨጓሬ ክንፍ ለማውጣት ሲዘጋጅ ራሱን በድር ይጠቀልላል፤ ሐር የሚፈተለውም ከዚህ ዓይነቱ ጥቅልል ነው።