ካቢናችንን ላሞቁልን ባለሙያ ምስጋና፣ አውሮፕላን ለምትሠሩም ጥቆማ

ወዳጆቼ፣ ለአንድ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ትልቅ ውለታ አለብኝ፤ ምስጋናዬንም በአደባባይ ማድረስ እፈልጋለሁ። በእጃችሁ በሠራችሁት ባለፒስተን አውሮፕላን ውስጥ ብርድ የሚያንገላታችሁ ካላችሁ፣ እኚህን ሰው ሳታማክሩ አንድም ዕቃ አትግዙ።

አውሮፕላናችን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚይዝ፣ ሞተሩም በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር በየ1,000 ጫማው ሙቀቱ 2 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይወርዳል፤ ባሕር ወለል ላይ 15 ዲግሪ በሆነበት ቀን 10,000 ጫማ ላይ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ባለቤቴ እዚያ ስንደርስ የእግሯ ጣቶች ይደነዝዙባት ነበር። ማሞቂያው አልተበላሸም፤ እጃችንን ስናስጠጋ ሞቅ ያለ አየር ይወጣል፣ ግን ጉልበታችን ጋ ሳይደርስ ይጠፋል። የጠየቅኳቸው ሁሉ ምክራቸው አንድ ነበር፦ ሁለተኛ ማሞቂያ ጨምር።

ጋሼ (እንዲህ ነው የምጠራቸው፤ ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈቀዱም) የሞተሩን ክዳን አስነሥተው በቀጥታ ወደ ጭስ ማውጫው ሄዱ። «መጀመሪያ ጭሱን እንይ፤ ሙቀቱ ይደርሳል» አሉኝ።

እንዲህ ያሉበት ምክንያት ግልጽ ነው። በእነዚህ አውሮፕላኖች የካቢኑ ሙቀት የሚመጣው ከጭስ ማውጫው ነው። በቧንቧው ዙሪያ የላሜራ ሽፋን ይታሰራል፤ ከውጭ የገባው ንጹሕ አየር በሽፋኑና በቧንቧው መካከል አልፎ ይሞቅና በሞተሩና በካቢኑ መካከል ያለውን የእሳት መከላከያ ግድግዳ ተሻግሮ ወደ እኛ ይመጣል። በተቃጠለው ጋዝና በምንተነፍሰው አየር መካከል ያለው የቧንቧው ስስ ብረት ብቻ ነው። እሱ ከተሰነጠቀ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገባል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ኦክስጅን ከሚሸከመው የደም ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። እግር ኳስ የምትወዱ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ከናንት ወደ ካርዲፍ ሲበር የሞተውን ኤሚሊያኖ ሳላን ታስታውሳላችሁ። አውሮፕላኗ ባለአንድ ፒስተን ሞተር ነበረች፤ የእንግሊዝ መርማሪዎች በተጫዋቹ ደም ውስጥ 58 በመቶ የካርቦን ሞኖክሳይድ ሙሌት አግኝተዋል።

ጋሼ ሽፋኑን ፈትተው ቧንቧው ውስጥ በዝቅተኛ ግፊት አየር ነፉበት፤ ከላይ የሳሙና ውኃ ቀቡት። በሽፋኑ ተደብቆ በኖረ አንድ የብየዳ ጠርዝ ላይ አረፋው ቱፍ ቱፍ ሲል ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ስንጥቁ በዓይን አይታይም ነበር። ሌላው ሰው ሁለተኛ ማሞቂያ ሸጦልኝ ይሄድ ነበር፤ እሳቸው ግን ቧንቧው እስኪቀየር አውሮፕላኑ እንዳይነሣ አሉ። ለዚህ ብቻ እንኳ ዕድሜ ልኬን ባመሰግናቸው አይበዛባቸውም።

አዲሱ ቧንቧ ሲገጠም ሽፋኑን ብየዳ ወደሌለበት ቦታ አዛወሩት። የአየሩን መግቢያና መውጫ በሁለቱ ጫፎች፣ በተቃራኒ ጎን አደረጉ፤ አየሩ ሳይዞር አቋርጦ እንዳያመልጥ። ሙቀቱን ለአየሩ የሚያቀብል የብረት ጥርስ ቧንቧው ላይ እንዲበየድ ጠይቄያቸው ነበር፤ እያንዳንዱ ብየዳ የነገ ስንጥቅ መነሻ ሊሆን ይችላል ብለው እንቢ አሉ። በምትኩ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ስፕሪንግ ቧንቧው ላይ ጠመጠሙ። ስፕሪንጉ አየሩን ያተራምሰዋል፣ ከትኩሱ ብረት ጋር ያለውንም ንክኪ ያበዛል። ቧንቧውን እንዳይፍቀው በየምርመራው መታየት እንዳለበትም በመዝገቡ ላይ ጻፉልኝ። እስከ 150 ዲግሪ ገደማ ብቻ የሚችለውን ጥቁሩን ቱቦ አውጥተው እስከ 288 ዲግሪ የሚችለውን ብርቱካንማውን የሲሊኮን ቱቦ አስገቡ። ማሞቂያው ሲዘጋም አየሩ ሽፋኑ ውስጥ ታፍኖ እንዳይቀር፣ ወደ ውጭ እንዲፈስ አደረጉ፤ የሚያልፍ አየር ካጣ ቧንቧው ከመጠን በላይ ይግላል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ቀጫጭን የክር ቁራጮች ሰጡኝና በካቢኑ ውስጥ በየክፍተቱ ጫፍ እንድለጥፍ፣ ስንበር ደግሞ ባለቤቴ ወዴት እንደሚዘነበሉ እንድትመዘግብ አዘዙ። ከወንበሩ ጀርባ ያሉት ክሮች በሙሉ ወደ ፊት ተዘረጉ! ለካ በበረራ ላይ የካቢኑ ግፊት ከውጭው ያነሰ ነው፤ ቀዝቃዛው አየር በጭራው በኩል እየተሳበ በሻንጣው ቦታ አልፎ ማጅራታችን ላይ ይወርዳል። በክንፉ ሥርና የመቆጣጠሪያ ዘንጎች በሚያልፉባቸው ቀዳዳዎችም እንዲሁ። በተቀደደ ጆንያ እህል እንደመሙላት ነበር፤ ሁለተኛ ማሞቂያ ቢጨመር ኖሮ እሱም በዚያው ይወጣል። ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር የሚሄደው ጭስም በእነዚሁ ቀዳዳዎች ሊገባ ይችላል።

ከወንበሩ በስተጀርባ ግድግዳ ሠሩ፣ ዘንጎቹ ላይ ተጣጣፊ ሽፋን አለበሱ፣ የመስታወቱን ክዳን ጎማ ቀየሩ። ከዚያ መሪዎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግመው አንቀሳቀሱ፤ የትኛውም ሽፋን ዘንግ እንደማይዝ በእጃቸው ሳያረጋግጡ ክዳን አልገጠሙም። ለአሮጌው አየር መውጫ ትንሽ ቀዳዳም ተዉ፤ መውጫ ከሌለ አዲሱ ሙቅ አየር መግቢያ አያገኝምና።

አሁን በዚያው ከፍታ ጓንት አውልቀን እንበራለን። ተጨማሪ ማሞቂያ አልተገዛም።

ሥራውን ያስረከቡኝ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ በዳሽቦርዱ ላይ ካስገጠሙኝ በኋላ ነው። ጋዙ ሲነካት ቀለሟን የምትቀይረውን ካርድ አልወደዷትም፤ ድምፅ የሚያሰማ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው ያስገዙኝ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድም እ.ኤ.አ. በ2022 እንዲህ ያለ መሣሪያ የተዘጋ ካቢን ላለው ባለፒስተን አውሮፕላን ሁሉ ግዴታ እንዲሆን ጠይቋል። ሲጮህ ማሞቂያውን ዝጉ፣ የንጹሕ አየር መግቢያውን ክፈቱ፣ በአቅራቢያችሁ ባለው ማረፊያ ሜዳ ላይ አርፉ፤ ይህን ለሁለታችንም ደጋግመው አስጠኑን።

ሙያ በልብ ነው የሚባለው ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ነው፤ ስለራሳቸው አንድ ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን፣ እጅዎ ይባረክ።

ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የጭስ ማውጫውን ሽፋን ፈትታችሁ ቧንቧውን ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሡ፤ ቧንቧው ስንት ሰዓት እንደበረረም ከመዝገባችሁ አውጡ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።